የሳንቃዋ መዝጊያ

«ለመሆኑ ወፏ ማን ነበረች?»

«ወፍ ጎጆዋን አትናገርም፣ አባ።»

ይህን የሰማሁት የሃያ ዓመት ወጣት ሳለሁ ነው። ከማንኩሳ በታች ካለችው ደብራችን፣ ከቅዳሴ በኋላ የቅጥሩን ግንብ ተደግፌ ጸበል እጠብቅ ነበር። ከግንቡ ወዲያ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ጠያቂው አባ ወልደ ሥላሴ፣ መላሹ አቶ ደረሰ። ደረሰ «ጎጆዋን» ይበሉ ወይም «ጎጇችንን» ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነፋስ ነበር። ጥቂት ቆይተው ግን «አሁንማ የሚጎዳ ሰው የለም፣ ልንገርዎ» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የደረሰኝ ቁርጥራጭ ነው። የጎደለውን በብዙ ዓመት፣ ከሌሎች ሰዎች ዘንድ ዝም ብዬ ተቀምጬ በማዳመጥ ሞላሁት። የተሳሳትሁት ካለ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ዘመን፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ነው። ቡሬ ምሽግ የነበረው ካፒቴን አንዲት አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበረችው። ፊቷ እንደ ሌላው መኪና ብረት ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ግን ግድግዳዋም፣ ማገሯም፣ መዝጊያዋም እንጨት። ውስጧ ሦስት ረድፍ ወንበር አለ። የኋላ መዝጊያዋ ወደ ታች ሲከፈት እንደ ገበታ ይዘረጋል። አገሬው «ሳንቃ» የሚል ስም አወጣላት። ለመሸሽ ያሰበ ሰው ቤቱን ጎማ ላይ ይሠራል እያለም ይስቅባት ነበር።

የሚነዳት እጅጉ የሚባል የደብረ ማርቆስ ሰው ነው። ከወረራው በፊት፣ ሳንቃ የአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ሳለች ጀምሮ ሹፌሯ እሱ ነው። «እሷ ስትማረክ አብሬ ተማረክሁ» ይላል። የሚያምነው አልነበረም። ባንዳ ምክንያት አጥቶ አያውቅም ይሉታል።

አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ሳንቃ ከወጀት ወደ ቡሬ ስትመለስ ከደብራችን ገበያ ሜዳ ጥግ ረግረግ ውስጥ ገብታ ቀረች። ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለው ነው። ካፒቴኑ እጅጉንና ሁለት አስካሪዎችን፣ ለጣልያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮችን፣ ትቶ በበቅሎ መንገዱን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ብርቱ በረዶ ወረደ። ገበያው ተበተነ፤ አስካሪዎቹም ጠላ ቤት ገቡ። ሰማዩ ሲያባራ የሳንቃ የኋላ መዝጊያ የለም። አስካሪዎቹ ከቦታችን አልተነቃነቅንም ብለው ማሉ። እጅጉ ከጎማው ሥር ተኝቼ ድንጋይ ስከት አላየሁም አለ።

ካፒቴኑ በማግስቱ ተመልሶ ቁርጡን ተናገረ። እስከ እሑድ ቀትር ሌባው በስሙ ከተነገረው ያን አንዱን ይሰቅላል፤ ካልተነገረው ደብሩንም መንደሩንም ያቃጥላል። ጭቃ ሹሙ ዳኘው ሌላ መላ አላገኘምና አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝ ለማያውቀው፦ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ አጥር ውስጥ ይገባል፤ በዳዩ እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ለብቻው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ይምላል። ሽማግሌዎቹ ከሚቀርቡት አንዱን በስውር ይመርጡና፣ የሰማውን በእውነት ሊናገር፣ ማንነቱን ለማንም ላይገልጥ ያስምሉታል። እሱ ወፍ ይባላል። ከሰው ተቀላቅሎ ያዳምጣል፤ በመጨረሻ «ወፍ እንዲህ አለች» ይባላል እንጂ አፉ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ያን ጊዜ ወፍ የሆኑት ደረሰ ናቸው።

አርብ ዕለት አጥሩ ውስጥ የሰው ዐይን ተለወጠ። ትናንት በአንድ ወንፈል ያረሱ ሰዎች ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ክንዱ የሚባል ገበሬ ለአልጋ የሚሆን ሳንቃ ሲያፈላልግ ነበር ተባለ። ክንዱ «ጣልያን የተቀመጠበት ላይ እኔ ልተኛ?» ብሎ አሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ጭቃ ሹሙ ራሱ ሸጦት ይሆናል ያለም ነበር። ሲመሽ ሹክሹክታው ሁሉ ወደ አንዲት ሴት ዞረ። ንግሥቴ ትባላለች፤ ወጌሻ ናት። በረዶው ሲወርድ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሷ ከሜዳው አልሄደችም። ወደ አጥሩም የገባችው ከሁሉ ኋላ፣ እግሯ ጭቃ እንደሆነ ነው።

ንግሥቴ የደረሰ ታላቅ እህት ናት።

ቅዳሜ ጧት ካፒቴኑ ሳንቃን ቆፍረው እንዲያወጡ ወንዶቹን አስወጣ። ደረሰ እየቆፈሩ መዝጊያው የነበረበትን ቦታ አዩት። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ መጥረቢያም አልነካውም። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ አገር መጥረቢያ የሌለው ቤት የለም። ካቻቢቴ ያለው ግን አንድ ሰው ነው፤ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ይታያል።

ቀትር ላይ ወደ አጥሩ ሲመለሱ ከእህታቸው አጠገብ ተቀመጡ። መዝጊያውን ሹፌሩ ነው የፈታው አሏት። ንግሥቴ ወንድሟን ትኩር ብላ አየቻቸው።

«ወንድሜ ሆነህ ነው የምትጠይቀኝ ወይስ ወፍ ሆነህ?»

«ወንድምሽ ሆኜ ነው።»

ግማሹ ሐሰት ነበረ፤ በኋላ ንስሐ ገብተውበታል።

ንግሥቴም ነገረቻቸው። ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ወገቡ የተሰበረ አርበኛ ተኝቷል። ቃሬዛ ይረግብበታል፤ ዝርግ እንጨት ላይ ካልተኛ አይድንም። ሐሙስ ገበያ የወጣችው እንዲህ ያለ ጣውላ ፍለጋ ነው። በረዶው ሲወርድ መኪናዋን ተጠግታ ስትቆም ሹፌሩ ምን ታያለሽ አላት። ወገቡ የተሰበረ በሽተኛ አለኝ አለችው። ማን ነው፣ የት ነው አላላትም፤ ፈትቶ ሰጣት። የአርበኛው ሁለት ባልንጀሮች በቆዳ ሸፍነው ወሰዱት።

«ለምን እንደሰጠኝ አላውቅም» አለች። «መደበቂያችንን ሊያገኝ ይሆናል። ከካፒቴኑ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው።»

ደረሰ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ዝም ቢሉ ደብሩ ይቃጠላል። የእህታቸውን ስም ቢጠሩ መሐላቸው ሐሰት ይሆናል፣ እሷም ትሰቀላለች። እውነቱን ቢናገሩ እጅጉ ይያዛል፤ የተገረፈ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ይናገራል። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ሲጠራ እጅጉ በቦታው እንዳይኖር። ያን ለመንገር ግን ወፍ መሆንን መግለጥ ግድ ነው፤ ያውም ለባንዳ።

ከሰዓት በኋላ ቁፋሮው ሲቀጥል እጅጉ ካለበት ጎማ ሄደው ተንበረከኩ። አስካሪዎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ነገ ቀትር ላይ ወፍ ስምህን ትጠራለች» አሉት ድንጋይ እየከተቱ።

እጅጉ ቀና አላለም። «ወፏን ያውቋታል፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ወንዙን ተሻገር። ከማዶ የሚቀበልህ የአርበኞች ሰው አለ።»

«የሚቀብረኝ ማለትዎ ይሆናል። ባንዳውን አሻግሮ መግደል፣ ከዚያ ሌባው ሸሸ ማለት። ብልሃቱ ጥሩ ነው።»

«አንተስ መዝጊያውን የሰጠኸው ዱካ ልትከተል አይደለም?»

«ልከተል ብል ሐሙስ ዱካው በረዶ ላይ ተጽፎልኝ ነበር» አለ እጅጉ። «እስኪሟሟ ድረስ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምሁ።»

እጅጉ እጁን በሱሪው ጠርጎ ለእኔስ መያዣዬ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

«መሐላዬን አፍርሼ ወፍ መሆኔን ነገርሁህ። አሁን ሄደህ ለካፒቴኑ ብትነግረው እኔም እህቴም እንሰቀላለን። ሌላ መያዣ የለኝም።»

በዚህ መሐል ካፒቴኑ እጅጉን ጠራው። ሁለቱ በጣልያንኛ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ካፒቴኑ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቆፋሪዎቹን አያቸው። ደረሰ ድንጋዩን እንደያዙ በልባቸው አቡነ ዘበሰማያት ይደግሙ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ከመካከል ጠፋባቸው።

እጅጉ ተመልሶ ከጎናቸው ተንበረከከ። ካፒቴኑ የጠየቀው መኪናዋ መቼ እንደምትነሣ ነው። ነገ፣ ውሃዋን ሞልቼ ብሎ መልሶለታል።

ከዚያ ብዙ አልተነጋገሩም። የሚጠብቀው ሰው አንድ ብቻ እንዲሆን፣ መሣሪያም እንዳይዝ እጅጉ ጠየቀ፤ ደረሰ እሺ አሉ። እጅጉም በመጨረሻ ተስማማ፦ እሑድ ማለዳ የቅዳሴው ደወል ሲደወል ለሳንቃ ውሃ የሚቀዳ መስሎ ባልዲ ይዞ ወደ ወንዙ ሊወርድ፣ ባልዲውን ከዳር አስቀምጦ ሊሻገር።