ሁልጊዜ ፍቀድ

ናይሮቢ ውስጥ የምንሠራው በር ነው፤ የእንጨት አይደለም እንጂ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት፣ እንደ ሰው የሚያወሩት ረዳቶች፣ ወደ ኢሜይል፣ ወደ ቀጠሮ፣ ወደ ስልክ መልእክት የሚያልፉት በእኛ በኩል ነው። የቱ ይለፍ፣ የቱ ይቅር የምለው እኔ ናሲሚዩ ነኝ። ዘበኛ በሉኝ።

ታዲያ ዘበኛዋ ምን አደረገች? ለሙከራ ብላ የገዛ ስልኳን ከበሩ ጋር አገናኘች። ረዳቱ መልስ ያዘጋጃል፣ በሩ ደግሞ "ልላክ?" እያለ ይጠይቀኛል። ልላክ፣ ልላክ፣ ልላክ! ኧረ ነዘነዘኝ። "ሁልጊዜ ፍቀድ" የሚለውን ተጫንኩና ስብሰባ ገባሁ።

ስወጣ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሙቲሶ ስክሪኔን እያየ ይስቃል።

"አንቺ፣ ትልቅ ሰው ሆነሽ የለም እንዴ! አክስትሽንም በቀጠሮ ሆነ የምታገኚያት?"

ገፋ አድርጌው አነበብኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናፉላ፣ ናይሮቢን ረግጣ የማታውቀው፣ ሳትነግረኝ ከአገር ቤት ከቡንጎማ መጥታለች። "ልጄ፣ አውቶቡስ ተራ ነኝ። ዶሮ ይዤልሻለሁ። ነይና ውሰጂኝ" ትላለች። ከሥሩ በእኔ ስም የተላከው መልስ፦ "የተከበሩ አክስቴ፣ ስላስታወሱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን ጊዜ የለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ይመችዎት ይሆን?"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። በሞተር እየበረርኩ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ።

"ዶሮ የታቀፉት እናት?" አለኝ ስጠይቀው ትኬት ቆራጩ። "በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ'ኮ። እንባቸውን እየጠረጉ ነበር።"

እዚያው ሰው መሐል ቆሜ አለቀስኩ። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለው።

በማግስቱ ስደውል ስልኳን አነሳችልኝ።

"አክስቴ፣ በሞቴ ይቅር በይኝ፣ ትናንት እኔ…"

"ምን አጠፋሽ? ሥራ ነው። ሳልነግርሽ መምጣቴ የእኔ ጥፋት። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ደግሜ ሳነበው… 'የተከበሩ'! ከተማ ከገባሽ ወዲህ 'እሺ' እና 'በኋላ' ብቻ አልነበር የምትጽፊልኝ? ለጎረቤቱ ሁሉ አስነበብኩት። 'ልጅሽ ታከብርሻለች' አሉኝ።"

እኔ አይደለሁም ልላት አፌን ከፈትኩ።

"ራስሽ ነሽ አይደል የጻፍሽው?" አለች።

"አዎ፣ አክስቴ" አልኳት። "እኔ ነኝ።"