የማይነካው ወንበር

“ሙዚየም ይታያል እንጂ አይነካም!” አሉኝ አቶ ወልደሚካኤል። ወይ ጉድ! እኔ ሦስት ወር ሙሉ መከራዬን ያየሁት ልጆች እንዲነኩት አይደል? የኮሚኒቲያችን ሊቀመንበር ናቸው ብዬ ዝም አልኳቸው። ያ ዝምታዬ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

ሪያድ ውስጥ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሁሉ አገር ይልቀቅ የተባለበት ዓመት ነው። የማስተምርበት የሐበሻ ትምህርት ቤት አንድ ባዶ ክፍል ለሳይንስ ሙዚየም ሰጠኝ። እኔም የሰፈሩን ሰው ሰብስቤ “ከየሥራችሁ ሳይንስ አምጡልኝ” አልኩ። ራውዳ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ናጃት የእንፋሎት ድስት ይዛ መጣች። ኑረዲን ደግሞ ወንበር ሠራ።

ኑረዲን ስድስት ዓመት በየፎቁ ሲሚንቶ በገመድ ሲጎትት የኖረ ሰው ነው። እሱ በሠራው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በአራት ፑሊ የተጠመጠመውን ገመድ ሲስብ ራሱን በራሱ ወደ ላይ ያነሳል።

“እኔን አንስቶኛል፣ የልጅ ክንድ ይቻለው አይቻለው ግን አላውቅም” አለኝ። “አንድ ልጅ ሲወጣበት ልይና ልሂድ እህቴ። እዚህ አገር ከሠራሁት ሁሉ የኔ የምለው ይሄ ብቻ ነው።” የመውጫ ወረቀቱ ደርሶ ረቡዕ ሊበር ነው።

አቶ ወልደሚካኤል ግን ሰኞ መጥተው ወንበሩን በፕላስቲክ ጠቀለሉት። ዓርብ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ እስከዚያ አንድ ልጅ እንዳይጠጋው ብለው አስጠነቀቁኝ። ቤታቸው ያለው ሶፋ እንኳ ከተገዛ አራት ዓመቱ፣ ላስቲኩ ገና አልተነሳም።

ማክሰኞ ኑረዲን ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ከባጥሐ ሰፈር በአውቶቡስ መጣ። ልጆቹ አሉ፣ መቀሱ እጄ ላይ ነው። እኔ ሞኟ ምን አደረግኩ? ፈቃድ ልጠይቅ አቶ ወልደሚካኤል ጋ ደወልኩ!

“ዓርብ ብያለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ!” ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

“ተይው እህት ሀዋ፣ እንግዳ ይቅደም” አለ ኑረዲን። ፕላስቲኩን በእጁ ዳበስ አደረገና ሄደ። እኔም መቀሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ዓርብ እንግዳው መጡ። ወንበሩን ገለጥን፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሱ፣ “ማሻአላህ” አሉ፣ ሄዱ። ሁለት ደቂቃም አልሞላ። ወንበሩን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀም የለም።

“ያላ፣ መልሳችሁ ሸፍኑት” አሉ አቶ ወልደሚካኤል። “በሚቀጥለው ወር ሌላ እንግዳ አለን።”

“ኸረ በሕግ አምላክ!” ብዬ ጮህኩ። “እርስዎ ከፈለጉ እኔን ይጠቅልሉኝ! ይሄ ወንበር ከእንግዲህ አይሸፈንም!”

ፕላስቲኩን በመቀስ ቆራርጬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ከሁሉም ቀጫጫዋን የሰባት ዓመቷን ሚስኪን ልጅ አስቀመጥኳት። ገመዱን ሳበች። አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ ሳበች፣ እግሯ መሬት ለቀቀ።

“መምህርት፣ ወጣሁ! እኔው ራሴ ወጣሁ!”

ኑረዲን ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ቁጥሩ የሳዑዲ ነው፣ ሲሙን እዚሁ ጥሎት ሄዷል። ያገሩን ስልክ አልጠየቅኩትም። ወሎ ከማለቱ በቀር ቀበሌውን እንኳ አላውቅም። ለአቶ ወልደሚካኤል መደወል የማያቅተኝ ሰው፣ እሱን “ስልክህ ስንት ነው?” ማለት አቃተኝ።

ልጆቹ ተራ ይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እኔ አሁንም ያንኑ ቁጥር እደውላለሁ።