የበየነች ብልቃጥ

ሸኮ ላይ ቡና ስትተክልና ስትለቅም የኖረችው በየነች፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የወር አበባዋ ተመልሶ መጣላት። ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። ልጅ ሳትወልድ የኖረች ናትና አላመነታችም፤ የአብርሃምን ሚስት ያሰበ አምላክ እኔንም በልጅ አሰበኝ ብላ፣ ለጸሎት ጓደኞቿ እንኳ ሳትናገር ደስታዋን አፍና ያዘች።

የወንድሟ ልጅ ዲቦራ ለእረፍት ስትመጣ ግን ምስጢሩ አመለጣት። ዲቦራ ክው አለች። በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የምታጠናው የማኅፀን ካንሰርን ነው፤ ዋናው ምልክቱም ይኸው ነው። ይህን ደስታ በምን አፏ ታፍርሰው?

መንገዱን ያበጀችው አክስቷ ራሷ ናት። ከቡናው ግንድ ላይ ትርፍ ቡቃያ እየቆረጡ ሳለ፣ ለመሆኑ እዚያ ምን እንደምታጠና ጠየቀቻት። አንዴ መጠየቅ ከጀመረች ደግሞ በየነችን የሚያስቆማት የለም። ዲቦራም በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች እንዳሉ ነገረቻት። ከጂን የወጣውን "ተባዛ" የሚል ትእዛዝ መንገድ ላይ ይዘው ዝም ያሰኙታል። እነሱ ሲያንሱ ሴሉ ያለ ልክ ይባዛል፤ የማኅፀን ካንሰር የሚባለውም ይኸው ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ከልክ ሲያልፉ ዝም የሚያሰኙት "አትባዛ" የሚለውን ከልካይ ትእዛዝ ነው።

"ቆራጭ ያጣ ቡና በይኛ" አለች በየነች። ነገሩ ጥሟታል። "ታዲያ የያዛት ሴት በምን ታውቃለች?"

ዲቦራ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"የቆመ ደም ይመለሳል፣ አክስቴ። ሁልጊዜ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። መመርመር ግን አለብሽ።"

በየነች ቀና ብላ አላየቻትም። የጀመረችውን ግንድ ጨርሳ፣ ወደ ቤት ገብታ አለቀሰች። በማግስቱ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ሄዱ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ ገና ከማኅፀኗ አልወጣም። ማኅፀኗ ከወጣ እንደምትድን ሐኪሙ ነገራት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዲቦራ እየፈራች ለጥናቷ ከሚወጣው ሥጋ ቁራጭ ለመነቻት። በየነች ፈቀደች። ቁራጩ በሚቀመጥበት ብልቃጥ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን ማወቅ ፈለገች። ቁጥር ብቻ መሆኑን፣ ስም መጻፍ ክልክል እንደሆነ ዲቦራ ነገረቻት።

"የኔን ስም አይደለም" አለች በየነች። "ይወለዳል ላልኩት ልጅ ስም አውጥቼለት ነበር። ይትባረክ።"

ዲቦራ ብልቃጡ ላይ ቁጥሩን ጻፈች፤ ሕግ ነው። ከማቀዝቀዣው ባወጣችው ቁጥር ግን በልቧ የምትጠራው ይትባረክ ብላ ነው።