የግራ እጅ ጉርሻ

፩

እጅ ከግድግዳ ወጥቷል።

ሥዕሉ ላይ ነው እንጂ ሙዚየሙ አልተሰነጠቀም፤ አንባቢ አይደንግጥ። ከሰማያዊ ግድግዳ እስከ ክርኑ የወጣ የግራ እጅ ነው፤ በጣቶቹ ጫፍ ወጥ ያራሰው ጉርሻ ይዟል። ከጉርሻው ፊት ለፊት ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ከወንበሩ ሥር ባሕር ተነጥፏል፤ አንዱ ጥጉ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሏል።

፪

ወይዘሮ ትብለጥ ወደ ዐውደ ርዕዩ የገቡት ሥዕል ሊያዩ አልነበረም። ታክሲ ሲጠብቁ የጠዋት ዝናብ መጣና አስገባቸው። ባለቤታቸው አቶ ንጋቱ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል። ልጅ የላቸውም። ቤታቸው ሲገቡ የሚያነጋግሩት ሬዲዮኑን ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱን ያወራል እንጂ አይመልስላቸውም። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላም አልወጡም።

፫

ከሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈ

ርዕስ፦ «ምሳ»
የቀለም ዓይነት፦ ዘይት ቀለም በሸራ ላይ
ትንታኔ፦ የግራ እጅ የሞት ምልክት ነው። በግራ እጁ የሚያጎርስ ሰው የለምና።

ወይዘሮ ትብለጥ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ተናደዱ።

፬

የተባባሉት እንዳለ

አስጎብኚዋ፦ (ቤዛ ትባላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ትንታኔውን በቃሏ ሸምድዳለች።) እማማ፣ ሱሪያሊስት ሠዓሊ የሚስለው በዓይኑ ያየውን ሳይሆን በሕልሙ ያየውን ነው።

ወ/ሮ ትብለጥ፦ እኔ ግን ይሄን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አስጎብኚዋ፦ የቱን?

ወ/ሮ ትብለጥ፦ በግራው የሚያጎርስ ሰው የለም ያላችሁ ማነው? ባለቤቴ ግራኝ ነበር። ሰው ፊት እንዳይታማ በቀኙ ይበላል፤ ወጡ እየተንጠባጠበበት። ቤታችን ገብተን በራችንን ስንዘጋ ግን በግራው ነበር የሚያጎርሰኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ!

አስጎብኚዋ፦ (ዞር ብላ ሥዕሉን ታያለች።)

ወ/ሮ ትብለጥ፦ ይሄ ሞት አይደለም ልጄ። በሩ የተዘጋ ቤት ነው።

፭

ይህን ክፍል ልዘለው ነበር፤ ግን ያለ እሱ የሚቀጥለው አይገባም።

ከሐዘኑ በኋላ ጎረቤት ሁሉ «ኑ፣ እንብላ» ይላቸው ነበር። ወጉ የታወቀ ነው። የተጠራው «በልቻለሁ» ይላል፣ የጠራው «በሞቴ!» ይላል፣ ትንሽ ይጓተቱና ይበላል። ወይዘሮ ትብለጥ ግን ሰው «አይ፣ ብቻዋን ቀረች» ብሎ እንዳያዝንላቸው ፈሩ። «በሞቴ» ላላቸው ሁሉ «የንጋቱ አጥንት ይውጋኝ፣ ጠግቤያለሁ!» ብለው ማሉ። በባሏ አጥንት የማለችን ሴት ማን ደፍሮ ያስገድዳል?

ጎረቤቶቹ ክፉዎች አይደሉም። መሐላውን አክብረው ነው መጥራቱን የተዉት።

እሳቸው ግን አንድም ቀን ጠግበው አያውቁም ነበር።

፩ (እንደገና)

እጅ ከግድግዳ ወጥቷል።

ሥዕሉን ደግመው ሲያዩት መጀመሪያ ያላዩትን አዩ። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ ለእንግዳ የሚጠቀለል ዓይነት አይደለም፣ ለሚወዱት ሰው ነው። እጁም አልዛለም። ወይዘሮ ትብለጥ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

፮

የጎብኚዎች አስተያየት መስጫ ቅጽ

ስም፦ ትብለጥ
ከማን ጋር መጡ?
ሥዕሉን ወደዱት? አዎ
ከሥዕሉ የጎደለ ነገር አለ?

አፍ።

፯

ስድስት ሰዓት ሆነ። አዳራሹ ለምሳ ሲዘጋ ወይዘሮ ትብለጥም ወጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ቤዛ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሽሮ ነው፤ ከላዩ አንድ ቃሪያ አለበት።

«እማማ፣ ይምጡ እንብላ።»

«ብዪ ልጄ፣ እኔ በልቻለሁ።»

«መቼ በሉ? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበሩ እኮ!»

«ቁርሴን በደንብ ነው የበላሁት።»

ቤዛ አልተከራከረችም። ከእንጀራው ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ተነሥታ መጣች። በቀኝ እጇ ነው የያዘችው። ግራ ቢሆን ኖሮ ታሪኬ ባማረልኝ፤ ግን ቀኝ ነው፣ ምን ላድርግ።

«በሞቴ!» አለች።

፰

መሐላው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ሦስት ዓመት የለመደው መንገድ ነው። ጉርሻው ደግሞ ከንፈራቸው ጋ ደርሷል፤ ሽሮው በቤዛ የእጅ አንጓ ላይ እየወረደ ነው። ለሁለቱም አፍ መከፈት አለበት።

ወይዘሮ ትብለጥ አፋቸውን ከፈቱ።

፱

(አፍ በጉርሻ ሲሞላ አይወራም።)