ለአሰልጣኝነት ትበቃለች ወይ

ሰብለወንጌል ስለ እግር ኳስ የምታውቀው ከላይኛው ፎቅ የሚሰማትን ያህል ነበር። የቤቱ ልጅ ጨዋታ ሲያይ ይጮኻል፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይወድቃል፣ እሷ ወጥታ የወደቀውን ታነሳለች። ብርጭቆ ከሆነ ቡድኑ ተሸንፏል፤ ትራስ ከሆነ አሸንፏል። አማን ከተማ፣ አብዱን ሰፈር እዚህ ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል፣ ከዚህ የበለጠ ኳስ እንድታውቅ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ የኮሌጅ መምህርት የሆነችው ማዳሟ ዱክቱራ ሪም አንድ ጠዋት ኩሽና ድረስ መጥታ፣ የላፕቶፑን ፊት ወደ እሷ አዙራ፣ ይቺ ሴትዮ እውነት አሰልጣኝ ናት ወይ፣ እስኪ አንቺ እያት ስትላት፣ ሰብለወንጌል መጀመሪያ ያየችው መስታወቱን ነው። የጣት አሻራ ነበረበት። በሽርጧ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ሴትዮዋን አየች። ዘሊኻ ነበረች።

ከኮሮና በፊት ሰብለወንጌልና ሌሎች የሰው ቤት ሠራተኞች ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር በጋራ የተከራዩዋት አንዲት ክፍል ነበረች። የዕረፍት ቀናቸውን እዚያ ሄደው ይተኛሉ። ዘሊኻ ግን አትተኛም፤ ሰው በተኛበት መሀል እየተራመደች ትንጠራራለች፣ ቁጢጥ ብድግ ትላለች። አሰላ በአንድ የመምህራን ኮሌጅ ስፖርት ተምራ፣ እዚያው የሴቶቹን ቡድን አሰልጥና፣ ኑሮው አልገፋ ሲላት በቤት ሠራተኝነት ወደ አማን የመጣች ልጅ ናት። ኮንትራቷን ስትጨርስ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ልጆች እንድታጫውት ወሰዳት። ቀጥሎ አንድ የግል ኮሌጅ ለሴት ተማሪዎቹ ቡድን አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠራት። የቀጠሯት ዲን ኳስ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ቡድኑም በመጀመሪያው ዓመት ከኮሌጆች ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ዲኑ ጡረታ ወጡ፣ ኮሮና ገባ፣ ኮሌጁ ወደ ዙም ተሰደደ፣ ዘሊኻን ማን እንደቀጠራትና ለምን እንደቀጠራት የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

በዚህ መሀል አቡ ፋዲ የሚባሉ የአንዲት ተጫዋች አባት ኮሌጁ ጋ ደወሉ። አሰልጣኝ የተባለችውን ሴት አውቃታለሁ፣ እህቴ ቤት መስኮት ስትወለውል በዓይኔ አይቻታለሁ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይተዋታል። ኮሌጁ የቅጥሩን ብቃት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመና የመድኃኒት ቅመማ መምህሯን ዱክቱራ ሪምን ሰብሳቢ አደረጋት። ኳስ የሚያውቅ ሰው ያልተካተተው ለገለልተኝነት ሲባል ነው። አቡ ፋዲ ደግሞ ወላጆችን ወክለው ገቡ።

አሰላ ቢደወል እዚያም ያለው ኮሌጅ በበሽታው ምክንያት ተዘግቶ ስልክ የሚያነሳው ዘበኛው ነው፤ ዘበኛው ደግሞ አረብኛ አይሰማም። የቀረው መንገድ አንድ ሐበሻ መጠየቅ ነበር። ለዱክቱራ ሪም በቅርብ የምትገኘው ሐበሻ ሳህን እያጠበች ነበር።

«ከአገርሽ ናት። ታውቂያታለሽ?» አለች።

«አገራችን ሰፊ ነው ማዳም።»

ዱክቱራ ሪም ራሷን ነቀነቀች። ዓመቱን ሙሉ ስክሪን ስታይ ከርማ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ሰው ያላትን ሁሉ አምና ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ከመፈለግ ሌላ ክፋት የላትም። ማክሰኞ ኮሚቴው ልምምዱን ሊያይ ሜዳ ይወርዳል፣ አንቺም ወንበሩንና ሻዩን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ በዚያውም በራስሽ ዓይን አይተሽ ትነግሪኛለሽ አለቻት። ብቁ አይደለችም ከተባለስ ምን ትሆናለች ብላ ሰብለወንጌል እንደ ዘበት ጠየቀች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በኮሌጁ ስም ስለሆነ ይሰረዛል አለች ዱክቱራ ሪም። ከዚያ ወይ ወደ ሰው ቤት ሥራ ትመለሳለች፣ ወይ አገሯ ትገባለች።

ከሰዓት በኋላ ሰብለወንጌል ቆሻሻ ልትጥል ወጣች። በሽታው ከገባ ወዲህ ከግቢው የምትወጣው ለዚህ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ቆሻሻውን ከፋፍላ መጣል ለምዳለች። ገንዳው አጠገብ ቆማ ለዘሊኻ ደወለች። ዘሊኻ የኮሚቴውን መምጣት ሰምታለች። ድምፅዋ ከሰው ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር ስትከራከር የዋለች ሰው ድምፅ ነበር። ሰው ቤት ተመልሼ አልገባም እትዬ ሰብሌ አለች፣ እዚያ ከምመለስስ እያለች ጀምራ አልጨረሰችውም።

ሰብለወንጌል ስለ ኳስ ባታውቅም ስለ መመዘን ታውቃለች። መክተቡ፣ የሠራተኛ አገናኝ ቢሮው፣ አዲስ ሠራተኛ አምጥቶ ቤት ሲያስገባ የሙከራ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ማዳም ካልጣማት እንደተበላሸ ዕቃ ትመልሳታለች። ሰብለወንጌል እንደመጣች ሰሞን፣ መክተቡ ወለል ላይ ተኮልኩለው ሲጠባበቁ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሦስተኛ ቤት የምትጠብቅ ደማቀች የምትባል ሴት ሥራውን በአንድ ቃል አስተምራታለች። እጅሽ ባዶ ሆኖ አይታይ። የሚጠረግ ካጣሽ የጠረግሽውን መልሰሽ ጥረጊው። ሰብለወንጌል በዚህ ትምህርት አልፋ እዚህ ቤት ይኸው እስከ ዛሬ አለች። ከዚህ የተሻለ የምትሰጠው አልነበራትም፤ የሰጠችውም ከልቧ ነበር።

«ዘሊዬ፣ እንዳትቆሚ። ከመጡ ጀምሮ እስኪሄዱ አንዴ እንኳ ቆመሽ እንዳያዩሽ።»

«አሰልጣኝ እኮ ቆሞ ነው የሚያየው እትዬ።»

«እሱ ለሌላው ነው። አንቺን የሚያዩሽ ሰነፍ ናት ብለው ለመመለስ ነው። ሥራ አሳዪያቸው።»

ዘሊኻ እሺ አለች። ያመነች ሰው እሺ አልነበረም፤ የደከማት ሰው ነበር። ሰብለወንጌል ግን እሺን እንደ እሺ ወሰደችው።

ማክሰኞ ሜዳው ዳር ወንበሮቹን አራርቃ ዘረጋች። ለዱክቱራ ሪም አንድ፣ ለአቡ ፋዲ አንድ፣ ከኮሌጁ አስተዳደር ለመጡትና ስማቸውን ለማንም ላልተናገሩት ሰውዬ አንድ። አቡ ፋዲ ማስካቸውን ከአፍንጫቸው በታች አድርገው ተቀመጡ፤ አገጫቸው በሚገባ ተጠብቋል። ሰብለወንጌል ሻይ ቀድታ፣ ከኋላ ከግንቡ ጥግ ቆመች።

ዘሊኻ የተነገራትን ሁሉ አደረገች። የግቡን መረብ ብቻዋን ተሸክማ ሰቀለች። ኳሶቹን ነፋች። የልምምድ ኮኖቹን ደረደረች፣ አንስታም ደግማ ደረደረች። ተጫዋቾቹ ሲገቡ በየእጃቸው ሳኒታይዘር ረጨች። ልምምዱ ሲጀመር በሜዳው ዙሪያ አብራ ሮጠች፣ የወጣ ኳስ አመጣች፣ የአንዷን የጫማ ክር አሰረች፣ ውሃ አደለች፣ የተጠጣበትን ጠርሙስ ለቀመች። ሰብለወንጌል የልጇን ሠርግ እንደምታይ እናት ልቧ ሞላ። ይቺን ማን ይመልሳታል ብላ አሰበች።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘሊኻ ረሳችው። ተጫዋቾቹ ለሁለት ተከፍለው ሲጋጠሙ መሀል ላይ የሆነ ነገር አየችና ጠርሙሶቹን እንደያዘች ቆመች። አልጮኸችም። ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ሒሳብ የሚቆጥር ሰው ከንፈሯን አንቀሳቅሳ፣ «ሊን፣ ወደ ውስጥ» አለች። በመስመር በኩል የነበረችው ቀጭኗ ሊን ወደ ውስጥ ገባች። በገባችበት ቦታ ላይ ሰው አልነበረም፤ ኳሱ ግን መጣ። ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ የሆነ መሰለ። ሰብለወንጌል ኳስ ባታውቅም አንድ ነገር ቦታው ሲገባ ታውቃለች። ዱክቱራ ሪም ከስልኳ ቀና ማለት ጀመረች።

ሰብለወንጌል ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። ዘሊኻ ቆማለች። ከግንቡ ጥግ በዓይኗና በአገጯ ተንቀሳቀሺ የሚል ምልክት ሰጠቻት። ዘሊኻ አየቻት። ጎሉ ሲገባ ዘሊኻ ጎንበስ ብላ ጠርሙስ እየለቀመች ነበር።

ልምምዱ ሲያልቅ አቡ ፋዲ ብርጭቆአቸውን ለሰብለወንጌል መልሰው አመሰገኑ። ሰውዬው ጨዋ ናቸው።

«ታታሪ ልጅ ናት፣ ማን ካደ? እህቴም በጣም ትወዳት ነበር» አሉ። «ብቻ አሰልጣኟ ዛሬ አልመጣችም እንዴ?»

ስማቸውን ያልተናገሩት ሰውዬ ሳቁ። ዱክቱራ ሪም አልሳቀችም። ሰብለወንጌል ወንበሮቹን ስታጣጥፍ አንደኛው ጣቷን ቆነጠጠው፤ እንዳመማት የገባት መኪና ውስጥ ነው።

ወንበሮቹን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ዱክቱራ ሪም ሳትዞር እየነዳች፣ እንግዲህ ምን አየሽ ብላ ጠየቀች። ሰብለወንጌል ጎበዝ ናት ማለት ትችል ነበር። ጎበዝነቷ ነው እኮ የጣላት። ወይም ዝም ማለት ትችል ነበር፤ በዚህ ቤት ዝምታዋ ሁልጊዜ ይመሰገናል። የሌላ ሰው እንጀራ ባይሆን ኖሮ ዝም ትል ነበር።

«ማዳም፣ እኔ ነኝ እንደዚያ አድርጊ ያልኳት።»

ከዚያ ቀሪውን ሁሉ አወጣችው። እንደምታውቃት፣ እንደደወለችላት፣ እንዳትቆሚ ብላ እንደመከረቻት፣ መክተብ ውስጥ የተማረችውን። ሊን ወደ ውስጥ ስትገባ የሆነውንም ተናገረች፤ ዘሊኻ የቆመችው ያኔ ብቻ ነው፣ ያኔ ነው አሰልጣኝ የነበረችው፣ ያስሮጥኳት እኔ ነኝ አለች። ለማዳሟ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። አረብኛዋ መሀል ላይ አለቀባት፤ የቀረውን በእጇ ጨረሰችው።

ዱክቱራ ሪም አልተቆጣችም። በመኪናው መስታወት ውስጥ ዓይኗ ብቻ ይታያል፤ መነጽሯ በትንፋሿ ጉም ለብሷል። ኡም ኡዘይና ሰፈር የትራፊክ መብራቱ ሲይዛቸው ማስኩን ወደ ታች ሳበችው።

«ሰብሌ፣ ይህን ኮሚቴው ፊት ወስጄ ምን ልበል? አሰልጣኛችን ሜዳ ላይ ምን እንደምታደርግ የምትነግራት የእኔ የቤት ሠራተኛ ናት ልበል?»

ሰብለወንጌል ይህን አላሰበችውም ነበር። እውነቱን ስትናገር ጥፋቱ በራሷ ላይ የሚወድቅ መስሏት ነበር፤ የወደቀው ግን እንደገና ዘሊኻ ላይ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ሐሙስ ኮሚቴው በዙም ተሰበሰበ። ሰብለወንጌል ድምፅ እንዳይረብሽ መጥረጊያውን ማሽን አጥፍታ ኩሽና ቆየች። ዱክቱራ ሪም ከምሽት ንፋስ ጋር እንደሚታገል ሰው ድምፅዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስትከራከር ሰማች። ልጅቷ አንድ ቃል ተናግራ ጎል እንደገባ ነገረቻቸው። አቡ ፋዲ አላየሁም አሉ፤ እውነት ነው፣ ስልክ ላይ ነበሩ። ስማቸውን ያልተናገሩት ሰውዬም አላየሁም አሉ። ዱክቱራ ሪምም ተጠይቃ ቃሉን ሰምቻለሁ፣ ቀና ስል ግን ጠርሙስ እየለቀመች ነበር አለች። ውሸት መናገር አትችልበትም። ላፕቶፑ የማንንም ፊት በደንብ አያሳይም፣ ሁሉም ደክሟቸዋል፣ የአንደኛው ልጅ ከኋላ ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ ዘሊኻ እንዳትባረር፣ ረዳት ሆና እንድትቀጥል፣ ኢቃማዋም እንዳይነካ ተስማሙ። ዋና አሰልጣኝ ሆነው አቡ ፋዲ የሚያውቋቸው ጡረተኛ እንዲቀጠሩ ተወሰነ። ሰውዬው በወጣትነታቸው ቅርጫት ኳስ አሰልጥነዋል፤ ኳስ ኳስ ነው ተባለ። የእሳቸውን ብቃት የሚመረምር ኮሚቴ አልተቋቋመም።

ዱክቱራ ሪም ላፕቶፑን ዘግታ ኩሽና መጣች። ኢቃማዋን አትርፌላታለሁ አለች፤ እሱን ለማትረፍም ታግላለች፣ ሰብለወንጌል ሰምታለች። አላህ ይስጥልኝ አለቻት፤ ከልቧ ነበር፣ አልበቃትም እንጂ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ ሙሉ ቀን ከቤት መውጣት የሚከለክለው ሐዝር ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ከሰገነቱ ላይ የሚሰማው የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው። ሰብለወንጌል አንሶላ እያሰጣች ደወለች። ዘሊኻ ሰምታ ጨርሳለች፤ አዲሱ ሰውዬም ትናንትና መጥተው ተዋውቀዋታል። ረጅም ናቸው አለች፣ መቆም ይችሉበታል። የልጆቹን ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ማን ማን ይግባ ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።

«ይቅር በዪኝ ዘሊዬ» አለች ሰብለወንጌል።

«ተዪው እትዬ። እኔም እያወቅኩ ነው ያደረግኩት፤ ፈርቼ ነው።» ቧንቧ ስትከፍት ተሰማ። «ሊን ማንን ነው የምንሰማው ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ሲናገሩ እሳቸውን፣ ዝም ሲሉ እኔን።»

«ብዙ ይናገራሉ?»

«ስለ ልጅነታቸው ብዙ። ጨዋታ ሲጀመር ዝም ይላሉ።»

ሰብለወንጌል መሳቅ አለብኝ ወይ ብላ ጠበቀች። ዘሊኻም አልሳቀችም። ስልኩ ውስጥ ውሃ ከቧንቧ ባልዲ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«በይ ልዝጋው፤ ማልያዎቹን ዘፍዝፌ ነው» አለች ዘሊኻ። «ማጠቡ አሁን የረዳቷ ሥራ ነው ተብሏል። ሣሩ ነጩ ላይ አልለቅ ብሎኛል።»

ሰብለወንጌል የሣር እድፍ በምን እንደሚለቅ ታውቃለች። ልትነግራት አፏን ከፈተች፣ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆየች፣ ከዚያ እንዳትቆሚ ያለቻትን አስታውሳ ሳትናገር አፏን ዘጋች።