እትዬ የጠጣችው ውሃ

እትዬ መድረቅ የጀመረችው የቤቱ እመቤት በሄደች በአምስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የቅጠሎቿ ጫፍ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠርዛቸው ተኮማተረ። ሰፈሩ "ጋሼ መፍቻ" የሚለው የቧንቧ ሠራተኛ፣ የሰው ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ገና ከደረጃው ሰምቶ የሚለይ ሰው፣ ማሰሮዋ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ጠፋው።

እትዬ ተክል ናት። ቅጠሏ ረጅም ነው፣ አበባ አታወጣም፣ ለዓይን ያን ያህል የምትገርም አይደለችም። ስሟን የወረሰችው ከጋሼ መፍቻ ባለቤት ታላቅ እህት ነው። እህትየው ልቧን ታማ፣ እግሯ አብጦ፣ እዚሁ ቤት መስኮቱ ሥር ስምንት ወር ተኝታ በታናሿ እጅ አርፋለች። ስትመጣ የያዘችው አንድ ሻንጣ ልብስና ይህችን ማሰሮ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ባለቤቱ ማሰሮዋን "እትዬ" ማለት ጀመረች። ስለዚያ ስምንት ወር ግን አንስታ አታውቅም። ሰው ካነሳባትም ድንገት ሥራ ትዝ ይላትና ብድግ ብላ ትሄዳለች። እሱም አለመጠየቅን ለመደ።

አሁን ልጃቸው የመጀመሪያዋን ወልዳ፣ እናት ልታርሳት ለሦስት ወር ሄዳለች። በሩ ላይ ሆና "ሌላው ቢቀር ቢቀር እትዬን አደራ" ብላው ነበር።

ጋሼ መፍቻ ደግሞ የራሱ ምስጢር ነበረው። የሰፈሩ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል፣ ሻወሩ ይደፈናል፣ አንሶላ ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይቆማል። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታማርር እሱ "ነገ" ሲላት ኖሯል። እሷ በሄደች በሳምንቱ ያ ነገ መጣና ከቤታቸው የውሃ ቆጣሪ አጠገብ ማጣሪያ ገጠመ። ወገብ የሚደርስ ሰማያዊ ማሽን ነው። ጨው ይሞላበታል፣ እሱም ከውሃው ኖራውን ያስቀራል። ማንቆርቆሪያው እንደ መስተዋት ሆነ። ስትመለስ የምታሳየውን ፊት እያሰበ ብቻውን ይስቅ ነበር።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ሕፃኗ ስትተኛ፣ ትደውላለች።

"እትዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

"ውሃ ታጠጣታለህ?"

"አንቺ ከምታጠጫት በላይ።"

ይቺ እንኳ እውነት ነበረች። በደረቀች ቁጥር ያጠጣታል። መስኮት ቀየረላት፣ አፈር ጨመረላት፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለላት። ባሰባት። ውሸቱም አብሮ አደገ፤ በ"ደህና ናት" የጀመረው ሰውዬ አንድ ቀን "አዲስ ቅጠል አውጥታለች" ብሎ አረፈው። ባለቤቱ በደስታ ሳቀች። እሱ ስልኩን ሲዘጋ አፈረ።

አንድ ረፋድ ላይ ከፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር የወጥ ቤት ቧንቧቸው አላስተኛ አላቸውና ጠሩት። ጎማውን ቀይሮ ቀና ሲል መስኮቱ ላይ እትዬን አያት። ያው ረጅም ቅጠል፣ ግን ለምለም፣ ከማሰሮው ሞልታ የተዘረገፈች።

"መምህር፣ ይቺ ከየት መጣች?"

"ከናንተው ቤት ነዋ። ባለቤትህ ከሥሯ ከፍላ የሰጠችኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት።"

"ምን ያጠጧታል?"

መምህሩ የማይረባ ጥያቄ እንደጠየቀ ተማሪ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። "ውሃ ነዋ። አንተው የቀጠልክልኝን የቧንቧ ውሃ።"

ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያቸው ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ጋሼ መፍቻ ማንቆርቆሪያውን አየ፣ ተክሏን አየ፣ ተመልሶ ማንቆርቆሪያውን አየ። ሕንፃው አንድ፣ መስመሩ አንድ፣ ተክሏም አንድ ናት። የተለየው እሱ የገጠመው ማሽን ብቻ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ለደንበኞቹ መቶ ጊዜ የተናገረው ነገር በራሱ ድምፅ ይመጣበት ነበር፦ "ማሽኑ ኖራውን ይወስድና በምትኩ ትንሽ ጨው ይተካል፤ ሰው አይታወቀውም።" ሰውስ አይታወቀውም፤ ሰው ጠጥቶ በላብም በሽንትም ይገላገለዋል። ማሰሮ ውስጥ የታሰረ ሥር ግን የት ይሄዳል? ቤት እንደገባ የማሰሮዋ ጠርዝ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በጣቱ ጠርጎ ቀመሰው። ጨው ጨው አለው። ሰባት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጁ ጨው ሲያጠጣት ከርሟል፣ ያውም በታመመች ቁጥር እየጨመረላት።

መፍቻውን አንስቶ ከማጣሪያው በፊት ካለው መስመር ቅጥያ አወጣና እስከ ማጠቢያው ድረስ ወስዶ ያልተጣራ ውሃ የምትሰጥ ትንሽ ቧንቧ ገጠመላት። ማንም ጀማሪ ከመጀመሪያው የሚያስበው ሥራ ነበር፤ ያንገበገበውም ይኸው ነው። እጁን ሳይታጠብ ስልኩ ጠራ።

"እትዬ እንዴት ናት?"

"ልትሞትብኝ ነው" አለ። ሌላ ውሸት ሳይቀድመው ሁሉንም ነገራት፤ ማሽኑን፣ ጨውን፣ ያልነበረውን አዲስ ቅጠል። "ላስደስትሽ ብዬ ነበር። ጨው ነው ያጠጣኋት።"

ጋሼ መፍቻ ቁጣዋን ጠበቀ፤ ብትቆጣው በወደደ።

"እኔም" አለች።

"ምን እኔም?"

"እኔም ጨው ነው ያበላኋት። እትዬን።" ድምጿ ዝቅ አለ። "ሐኪሙ ከልክሏት አልነበር? ጨው የሌለው ነገር አልዋጥ አላት፤ አፏን ትገጥምብኝ ነበር። አጥንቷ ብቻ ቀርቶ እንዴት ዝም ብዬ ልያት? ሾርባዋ ላይ ቆንጠር እያደረግሁ ጣል አደርግላት ነበር፣ ማንም ሳያየኝ። እግሯ ሲያብጥ እያየሁ።"

ጋሼ መፍቻ ያኔ እህትየው ሳህኗን ባዶ ስትመልስ እያየ ባለቤቱን "መቼም እጅሽ ያስበላል" ይላት ነበር። እንዲህ ባላት ቁጥር ብድግ ብላ ትወጣ እንደነበር አሁን ገና ትዝ አለው።

"ትጨርሰው ነበር?" አለ።

"ሳህኑን በዳቦ ትጠርገው ነበር" ብላ አለቀሰች።

አንቺ አይደለሽም የገደልሻት ሊላት ፈለገ። ግን እሱ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የማያውቀውን ነገር ዛሬ ደግሞ ሊነግራት አልፈለገም። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ማጠቢያው ዳር አስቀመጠው፣ ማሰሮዋን አቅፎ አመጣና አዲሷን ቧንቧ ከፈተላት።

"ምንድነው የሚፈሰው?"

"ያው የድሮው ውሃ፣ የምትጠይው። ጨው ታጥቦ እስኪወጣ ማፍሰስ ነው።"

"መሃሏን እያት እስቲ። አረንጓዴ አላት?"

ቅጠሎቹን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ። አንዴ አየ፣ እንደገናም አየ።

"አንድ ቅጠል አለች" አለ። "ጥፍር ታህላለች። ውሸቴን አይደለም።"

"እንግዲያው ቧንቧውን አትዝጋ" አለች። "ስልኩንም አትዝጋው።"