የተመሰገነችው ጉርድ ቀሚስ

ሰኞ ጠዋት የሲሳይ ጉርድ ቀሚስ ብቻዋን ትምህርት ቤት ሄደች። ሹራብ ከላይ ደርባ፣ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ፣ ከደወሉ አምስት ደቂቃ ቀድማ ደረሰች። ዘበኛው ርዝመቷ ከጉልበት በታች መሆኑን አይቶ አሳለፋት።

ሲሳይ ሱሪ ለብሶ ቤት ቀርቷል። በልደት ካርዱ ላይ ሴት ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ ግን ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ወንድ ነኝ ይላል። ዓርብ ዕለት የወንዶቹን ዩኒፎርም ለብሶ ሲመጣ ዩኒት ሊደሩ መምህር ዘሪሁን በር ላይ አቆሙት።

«ሴት ጉርድ፣ ወንድ ሱሪ። ወይ ጉርድሽን ልበሽ፣ ወይ ወላጅ አምጪ።»

ሲሳይ ሁለቱንም አላደረገም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አንድ ሳምንት ሙሉ የቀረ ተማሪ ደግሞ አይፈተንም። ጉርዷ ይህን ሳታውቅ አልቀረችም።

ስም ሲጠራ ብድግ አለች። የክፍሉ መምህርም «አለች» ብለው ምልክት አደረጉ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሹራቧን እጅጌ አንስታ ወጣችና ሰሌዳ ላይ ሠራች፤ መልሱ ልክ ነበር። ቤት መቀመጥ ያላስቻለው ሲሳይ ይህን ሁሉ ያየው ከውጭ፣ ክፍሉ በተጠጋው የአጥር ቆርቆሮ ቀዳዳ አጮልቆ ነው። ሒሳብ ላይ እሱ እንደዚያ አይሆንለትም፤ ነገሩ ትንሽ ከነከነው።

ሐሙስ ዕለት እናቱን ወይዘሮ አስካለን ይዞ ሄደ። አስካለ የመጣችው የልጇ ነገር ገብቷት አይደለም፤ ፈተናው እንዳያመልጠው ብላ ነው።

«ልጅዎ የተመሰገነች ናት» አሏት መምህር ዘሪሁን። «ከሰኞ ወዲህ አንድ ጥፋት የለባትም።»

«ልጄ እኮ ይቺትና፣ አጠገቤ ቆማ!»

መምህሩ ሲሳይን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ይሄ ጎረምሳ? አንተ ደግሞ ከየት ትምህርት ቤት ነህ?»

ሲሳይ ደስ አለው። አስተማሪ ወንድ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው ግን የሚያባርሩት እንደ ባዕድ መሆኑ ገባው።

ጉርዷ ከክፍል ተጠራች። መጥታ ወይዘሮ አስካለ አጠገብ ተቀመጠችና እጅጌዋን በእናትየዋ ጉልበት ላይ አሳረፈች። እጅጌው ሞቅ ያለ ነበር።

መምህር ዘሪሁን የፈተና ቅጹን ለአስካለ ገፋ አደረጉላት። «ልጄ ናት ብለው ይፈርሙ። ትፈተናለች፣ ታልፋለች፣ ሁላችንም እንገላገላለን።»

አስካለ እስክሪብቶውን አነሳች። ጉርዷን አየች፤ ሲሳይን አየች። እናቱ እጅጌውን ቀስ ብላ ከጉልበቷ ላይ አነሳችና ወንበሩ ላይ መለሰችው።

«እኔ የወለድኩት ይሄን ነው» አለች። «ልጄ ነው።»

«እንግዲያው ልጅዎ እዚህ አይማርም» አሉ መምህሩ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሥራቸው ነው።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ባንዲራ የሚወርድበት ሰዓት ስለነበር ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ይዘምር ነበር። ሲሳይ ወደ ሰልፉ ዞረ። ከአሥረኛ ክፍል ሁለት፣ ከአሥራ አንደኛ ሦስት ሹራቦች ከአንገትጌያቸው በላይ ጭንቅላት የላቸውም። ጉርድ የለበሱ አሉ፣ ሱሪ የለበሱም አሉ። ከሰልፉ ሁሉ መዝሙሩን ጥርት አድርገው የሚዘምሩት እነሱ ነበሩ።